የሚያቃስተው ድስት

ባየሽ ጎምዛዛውን የሁመር ፍሬ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ በጣቶቿ ታሸዋለች። ፍሬውን ከሥጋው ትለያለች፣ ቃጫውን ትጨምቃለች፣ የጨመቀችውን መልሳ ትነክራለች። ውሃው እንደ ጎርፍ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። እጇ ሥራውን ስለለመደው አይሳሳትም። ዓይኗ ግን እጇ ላይ አይደለም። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ትንሽ ድስት በጎን ታየዋለች፤ ሰው ያልታሰረ የጎረቤት ውሻ እንደሚያይ።

ድስቱ ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ብሎ ከንፈሩ ወደ ውጭ የተመለሰ ነው። ቀለሙ ከብር ይደበዝዛል፣ ከአልሙኒየም ይደምቃል። ገላው ላይ መዶሻ ያረፈባቸው ጥቃቅን ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ፤ እጅ ሲዳብሳቸው ይታወቃሉ። ብድግ ሲያደርጉት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ከሁሉም የከፋው ግን ከንፈሩን በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ማቃሰቱ ነው። ድምፁ ሰው ደረቅ በረዶ ላይ ሲራመድ የሚሰማውን ይመስላል።

«ብረት ሲያቃስት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ባየሽ በዚያ ሰሞን።

«ኧረ አላውቅም» አልኳት።

«እኔም አላውቅም ነበር። ያላመንኩትም ለዚህ ነው።»

ባየሽን ለማያውቃት ሰው ጥቂት ልንገር። እዚህ በሰው አገር፣ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ አንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን፤ የእሷ ጣሪያ የእኔ ወለል ነው። ናዝሬት ተወልዳ ያደገች ናት። እናቷ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ለመንገደኛ ምግብ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። በርበሬ ሲገዙ የተፈጨ ሸክላ እንዳይኖርበት በውሃ በጥብጠው የሚዘቅጠውን ያያሉ፤ ቅቤ ሲገዙ ሙዝ እንዳይኖርበት በጣታቸው አሽተው ያሸታሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ባየሽ ይህን ተረት ከጡት ጋር ጠብታው አደገች። ዛሬም እንቁላል ጆሮዋ ሥር ሳታራግፍ አትገዛም። ወተቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ታነባለች፣ ከዚያ ታሸትተዋለች፣ ከዚያ እኔን ታስሸትተኛለች። በየቀኑ ወደ ሥራ የምትሄድበት አውቶቡስ ሲመጣ እንኳ ቁጥሩን አንብባ ስታበቃ፣ «ይሄ እኮ ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚያገናኘው ነው አይደል?» ብላ ሹፌሩን ትጠይቃለች። ሹፌሩ ስለሚያውቃት ገና አፏን ሳትከፍት ራሱን ይነቀንቅላታል።

አየር ማረፊያ ስታጸዳ ብዙ ዘመን ቆየች። ወገቧ እንቢ ሲላት የቤት ለቤት አስታማሚ ሆነች። እዚህ ፒሲኤ ይሉታል፤ ያረጀ ወይም የታመመ ሰው ቤት ሄዶ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብሰል ነው። ያረፈባት ዕጣ ራጃላክሽሚ የሚባሉ ሕንዳዊት አሮጊት ነበሩ። ሰው ሁሉ ማሚ ይላቸዋል። በእነሱ አገር ማሚ አክስት እንደ ማለት ነው። የእኛ ሕንፃ ሴቶች ግን ባየሽ በስልክ «ማሚ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» ስትል ሰምተው፣ እናቷን አስመጥታለች ብለው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት ዳቦ ይዘው መጡ። ዳቦውን ተቀብላ ማን እንደጋገረው ጠየቀች።

ማሚ ከደቡብ ሕንድ፣ ኩምባኮናም ከምትባል ከተማ የመጡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ከሙራሊ ጋር ይኖራሉ። ሙራሊ የኮምፒውተር ሥራ አለው፤ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ማሚ ምግብ ጠሉ። ከሁሉ ምግብ ወደ ጉሮሯቸው የሚወርደው አንድ ብቻ ነበር፤ በሩዝ ላይ የሚፈስ ራሳም። ሙራሊም አንድ ቀን ባየሽን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ «ይህን እስከበላች ድረስ ቤት ትቆያለች። መብላት ካቆመች ግን ነርሲንግ ሆም ከመውሰድ ሌላ ምርጫ የለኝም» አላት። ማሚ ያንን የመጦሪያ ቤት ስም ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ራሳም ማለት የቀጠነ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚከፍት ሾርባ ነው። ማሚ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ በእጃቸውና በጥቂት እንግሊዝኛ ለባየሽ አስተማሯት። የሁመሩ ውሃ በዚያ በሚያቃስተው ድስት ከቲማቲምና ከእርድ ጋር ይጣዳል። የሁመሩ ጥሬ ሽታ ሲጠፋ፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬና ከሙን ሸክሸክ ተደርጎ ይገባል። ደቆ መላም የለበትም፤ ከደቀቀ ይወፍራል። ከዚያ በደንብ ከበሰለ ቢጫ ክክ ውሃው ብቻ ይጨመራል። እዚህ ላይ ነው ባየሽ የተቸገረችው። አረፋው ወደ አንገቱ ሲወጣ ወዲያው መውረድ አለበት፤ ከተንተከተከ ጣዕሙ ይሞታል። የእኛ ሰው ደግሞ ያልተንተከተከ ወጥ ጥሬ ነው ብሎ ያምናል። ቁሌቱም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በሌላ ትንሽ ጭልፋ ሰናፍጩ በቅቤ ይንጣጣና ከካሪ ቅጠሉና ሂንግ ከሚሉት የሚሸት ሙጫ ጋር ቸስ ተደርጎ ይደፋበታል። በጾም ቀን ለራሷ በዘይት ታደርገዋለች፤ እሱንም ዘይቱን ራሷ ቀድታ «ቅቤ የለበትም አይደል?» ብላ ማሚን ትጠይቃለች።

ሌላ አንድ ነገር ነበር። ባየሽ ድስቱን ወደ ምድጃው በወሰደች ቁጥር ማሚ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ይቃጣቸውና «ዋተር! ዋተር ፈርስት!» ይላሉ። ባየሽም ድስቱን አስቀምጣ በብርጭቆ ውሃ ታመጣላቸዋለች። ማሚ ያዩዋታል፣ ይጠጣሉ። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው የሁመሩን ውሃ ድስቱ ውስጥ ካፈሰሱ በኋላ እሳቱን ይለኩሳሉ። ባየሽ ይህን የአሮጊት አመል አድርጋ ያዘችው።

ጥርጣሬው የጀመረው በአንድ ቃል ነው። ሙራሊ ሻንጣውን እየጎተተ ሊወጣ ሲል በር ላይ ያዘችውና፣ «ይሄ ድስት ከምንድን ነው የተሠራው?» ብላ ጠየቀችው።

ስልኩን እያየ፣ «ኢየም ነው። እንዴት ይባላል... ሊድ። አያቴ ናት ለእናቴ በሠርጓ የሰጠቻት» ብሏት ወጣ።

ሊድ የሚለውን ቃል ባየሽ ታውቀዋለች። የሕንፃችን የድሮ መስኮቶች ቀለም ሲፋቅ፣ ልጆች እንዳይጠጉ ተብሎ መግቢያው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ቃል ነው። የዚያን ዕለት ከእኔ ቤት ሆና ለታናሽ ወንድሟ ለቂርቆስ ደወለች። ቂርቆስ አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው።

«ቂርቆስ፣ ሊድ ማለት እርሳስ ነው አይደል?»

«ነው እትዬ። ምነው፣ ትምህርት ልትጀምሪ ነው?»

«በእርሳስ ድስት የሚቀቅሉ ሰዎች አሉ።»

«እንግዲያው ላጲሱንም ጨምሪበት፤ የተሳሳተውን ያጠፋልሻል።»

«አንተ፣ አትቀልድ! እኔም እኮ ስበላበት ከርሜያለሁ።»

ከኋላው ልጁ ሊና፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ አንቲ! ዛትስ ፖይዘን!» ስትል ተሰማ። ቀልዱ እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ባየሽ የማሚን እጅ መንቀጥቀጥ በሌላ ዓይን አየችው። የሆዳቸውን ድርቀት፣ የፊታቸውን መገርጣት፣ ጠዋት ጠዋት የሚይዛቸውን ራስ ምታት ሁሉ ወደ ድስቱ አመጣችው። የራሷን ምላስ በመስታወት አየች፤ እኔንም እዪልኝ ብላ ለመነችኝ። ከዚያ ጥርጣሬዋ ወደ ሙራሊ ዞረ። «ልጅ እንዴት እናቱን በመርዝ ድስት ሲያበላ ይኖራል? ቤቱስ በማን ስም ነው ያለው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔም፣ «ኧረ ተይ፣ ኃጢአት አትግቢ» ብላትም፣ ያን ሰሞን ሙራሊ ባየሽን ሊያደርስ ሲመጣ በመስኮት በጥርጣሬ ዓይን አይቼዋለሁ።

ባየሽ ለማንም ሳትናገር አንድ ነገር አደረገች። ማሚ ምንጣፋቸው ላይ ሆነው ሲጸልዩ ራሳሙን በስቲል ድስት ትሠራና፣ ሲደርስ ወደ ማሚ ድስት ገልብጣ ገበታ ላይ ታቀርባለች። ለዚያውም ጓንት አድርጋ። ብልሃቱ የሚያዘልቅ መስሏት ነበር።

ማሚ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ማንኪያውን አስቀመጡ። ጓንቱን አዩ። ድስቱን አዩ። ባየሽን አዩ።

«የኔ አይደለም» አሉ።

«የእርስዎ ነው ማሚ፤ ሁመሩን ያሸሁት እኔ ነኝ፣ ክኩንም...»

«የኔ አይደለም» ብለው ሳህኑን ወደ ፊት ገፉት።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ባየሽ ሳሎኑን ስትጠርግ ማሚ ከልጃቸው ጋር በቋንቋቸው በስልክ ጮክ ብለው ሲያወሩ ሰማች። ከማይገባት ቃል መሀል «ባየሽ» የሚል ስም ይወጣል፤ ትንሽ ይቆይና ደግሞ «ባየሽ»። መጥረጊያውን አቁማ አዳመጠች። ስሟ እንደ ጠጠር እየተለቀመ የሚወጣ መሰላት። ማሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስቱን ከወጥ ቤት ወስደው ብርድ ልብሳቸው ሥር ያስቀምጡት ጀመር። ባየሽ ማሚን ትጠብቃለች፣ ማሚ ባየሽን ይጠብቃሉ። ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ቴሌቪዥኑን የሚያይ ግን አልነበረም።

ማታ ሙራሊ ደወለ። «እናቴ ድስቱን ቀይረሽባታል ትላለች። እውነተኛውን ወስደሽ ሐሰተኛ አስቀምጠሻል ነው የምትለው። እኔ አላመንኳትም» አላት። አላመንኳትም ያለበትን ድምፅ ግን ባየሽ አላመነችውም።

በማግስቱ ድስቱን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ማሚ ጆሮ ሥር ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አቃሰተ።

«ሰሙ? የእርስዎ ነው!»

ማሚ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ መስሚያውን ደግሞ አይወዱትም። አፏን አፏን እያዩ፣ «ያቃሰትሽው አንቺ ነሽ» አሏት።

«እኔ?»

«በአፍሽ። አየሁሽ።»

ባየሽ ይህን ስትነግረኝ መሳቅም መናደድም አቅቷት ነበር። «በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ድስት መስዬ አቃሰትኩ ተባልኩ» አለች።

ከዚያ ማሚ ራሳሙንም ተዉ። ብስኩት በሻይ ነክረው ግማሿን ይበላሉ፣ ግማሿን ለወፍ ይላሉ። የእጃቸው አንጓ እየሳሳ ሲሄድ ባየሽ ስታጥባቸው ይታወቃታል። ሙራሊ ከመንገድ ሲመለስ ሳህኑን አየ። ሲወጣም፣ «አንድ ነርሲንግ ሆም አይቻለሁ። ወሩ ሲያልቅ ይቀበሏታል። በልብሷ ሁሉ ላይ ስሟ መለጠፍ አለበት ብለውኛል፤ ስም ተጽፎበት በካውያ የሚለጠፍ ጥብጣብ አለ። አውቶቡስ የምትለዋውጪበት አጠገብ ያለው የጨርቅ ሱቅ ውስጥ አይጠፋም፤ ገዝተሽ ታመጫለሽ?» አላት።

«እሺ» አለችው። የዚያን ቀን የመጣችው ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ እኔ ነው። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«በድስቱ ብሠራ እመርዛቸዋለሁ» አለች። «ባልሠራ በረሃብ ይሄዳሉ። የትኛውን ልምረጥ?»

«እርሳስ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ልጁ ነዋ የነገረኝ።»

«ልጁን ደግሞ አላምነውም አላልሽም?»

ባየሽ ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ያንን ቃል ለመጠርጠር አላሰበችም ነበር።

ቅዳሜ ቂርቆስ ወስዷት ከመሣሪያ መሸጫ ሱቅ መመርመሪያ ገዙ። ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት ነው፤ እርሳስ ከነካ ይቀላል ተባሉ። ባየሽ ግን መመርመሪያውንም ጠረጠረች። «የማይቀላ ቢሆንስ? ሁሉን ደህና ነው የሚል ቢሆንስ?» ስትል ቂርቆስ ሳቀና ከመኪናው ኋላ ትንሽ ከረጢት አወጣ። የሥራ ጓደኞቹ ሐይቁ በረዶ ሲሠራ በረዶውን በስተው ዓሣ ለማጥመድ እሱንም ይዘው ይሄዳሉ፤ መንጠቆውን ወደ ታች የሚያወርድ ፍሬ እርሳስ ነበረው።

«ይሄ በእርግጠኝነት እርሳስ ነው እትዬ። በዚህ ፈትኚው፤ ፈታኙም ይፈተን።»

ሰኞ ማሚ ሲጸልዩ ባየሽ ድስቱን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ወጥ ቤት ገባች። መጀመሪያ ፍሬውን ነካችው፤ ጥጡ ወዲያው ደም መሰለ። ከዚያ ድስቱን ነካችው። ጥጡ እንደነበረ ቀረ። ሌላ አወጣች፤ ከውስጥ ነካች፣ ከንፈሩን ነካች፣ ቂጡን ነካች። አንዱም አልቀላም። ለሙራሊ ደወለችለት።

«ድስቱ ሊድ አይደለም።»

«ሊድ ነው ያለው ማን ነው?»

«አንተ ነህ!»

ሳቀ። «ኢየም ለሁለቱም ነው የሚባለው። ጥቁሩ ሊድ ነው፣ ነጩ ቲን ነው። የእናቴ ነጩ ነው። እኔ ወጥ ቤት ምን አውቃለሁ?»

ቲን ማለት ቆርቆሮ ነው። ለባየሽ ደግሞ ቆርቆሮ ማለት ዝናብ ሲመታው የሚንኳኳው የናዝሬት ጣሪያ ነው፤ እንዴት ድስት ይሆናል? እኛም ብንሆን የሚጽፈውንም የሚመርዘውንም እርሳስ ነው የምንለው፤ የጣሪያውንም የቲማቲሙንም ጣሳ ቆርቆሮ እንላለን። ሰው በሌላው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በራሱም ይሳሳታል። ባየሽ ስልኩን ስትዘጋ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን «ለምንድን ነው የሳቀው?» ስትል አሰበች።

አሁን የቀራት አንድ ነገር ነው፤ ራሳሙን በራሱ ድስት ሠርታ ማሚን ማብላት። ነገር ግን የመመርመሪያው መድኃኒት የድስቱን ውስጥ ነክቷል። ማሸጊያው ላይ የልጅ እጅ እንዳይነካው ይላል። በሁመርና በጨው አጠበችው። አሸተተችው። ደግማ አጠበችው። አሸተተችው። እናቷ እንዲህ ያለ ድስት ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን ታውቃለች። አዲስ ሸክላ ድስትም ሆነ የተጠረጠረ ድስት ሳይሟሽ አይበላበትም። ዘይት በጨርቅ ይቀባና ባዶውን እሳት ላይ ይቀመጣል፤ እሳቱ ክፉውን ሁሉ ይበላዋል።

ባየሽም ጨርቁን ዘይት ነክራ የማሚን ድስት ውስጡንም ውጭውንም ቀባችው። ባዶውን ጣደችው። እሳቱን ከፍ አደረገች። ዞር ብላ ቲማቲም መክተፍ ጀመረች።

በዚህ ጊዜ ድስቱ አላቃሰተም። የዘይቱ ጭስ አፍንጫዋን ሲነካት ዘወር አለች። ድስቱ ሽማግሌ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ እንደሚቀመጥ ወደ ውስጡ እየተቀመጠ ነበር። ሆዱ ተከፍቶ ከሥሩ የሚያበራ ነገር እየተንጠባጠበ ወደ ምድጃው ሰሐን ይወርዳል፤ አንዳንዱ ጠብታ እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ወድቆ ይደፈጠጣል። ማጥፊያውን ጠመዘዘችው። የቀረው ከንፈሩና አንድ ጎኑ ብቻ ነበር። የጭስ ደወሉ ቤቱን ሞላው።

ማሚ የሚደገፉበትን ጋሪ እየገፉ መጡ። ደወሉን እንኳ አልሰሙትም ይሆናል፤ ጭሱን ግን አይተዋል። በሩ ላይ ቆመው ምድጃውን አዩ። ባየሽ ወገቧን ይዛ ዝቅ ብላ፣ በአማርኛ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ማሚዬ፣ በእመቤታችን ይቅር ይበሉኝ» ትላለች። ሌላ ቋንቋ ጠፋባት። ስም የሚጻፍበት ጥብጣብ ትዝ አላት። አሁን ማሚ ለልጃቸው ይደውላሉ፤ ከእንግዲህ ማንም ያበላቸዋል እንጂ እሷ አታበላቸውም።

ማሚ አላዩአትም። ጋሪውን ወደ ወለሉ ጠብታ አስጠጉትና በጣታቸው አመለከቱ። ባየሽ ቅጠል ያህል ሆኖ የተደፈጠጠውን ቁራጭ በማንኪያ አንሥታ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበትና ሰጠቻቸው። ማሚ ከኪሳቸው የጆሮ መስሚያቸውን አውጥተው አጠለቁ። ቁራጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ሥር ቀስ አድርገው አጠፉት። ስስ ስለሆነ ለእሳቸውም አውራ ጣት አልከበደም። አቃሰተ። ባየሽ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ ነበር።

«ኢየም» አሉ ማሚ። ደግመው አጠፉት። «የኔ ነው። ሐሰተኛ ቢሆን አይቀልጥም።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «አልወሰድሽውም» አሉ።

«አልወሰድኩም።»

«ውሃ ሳታደርጊ ለምን ጣድሽው? ዋተር ፈርስት! ዋተር ፈርስት! በየቀኑ አልነገርኩሽም?»

«ውሃ ሲሉኝ እኮ በየቀኑ ውሃ አመጣልዎታለሁ!»

«ጠጣሁት እኮ!»

«ታዲያ ካልጠማዎት ለምን ጠጡት?»

«አንቺ ስታመጪልኝ ምን ላድርግ?»

ማሚ ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ማልቀስ ጀመሩ። የቀረውን የድስት ከንፈር ከምድጃው አስወርደው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እናታቸውን በቋንቋቸው እየጠሩ አለቀሱ። ባየሽም አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምን እንዳደረገች ልታስረዳቸው፣ ባዶ እጇን እየቀባች፣ እሳት ላይ እያስቀመጠች፣ «ማሟሸት፣ ማሟሸት» ትላለች። ማሚ እጇን አይተው፣ «ለሸክላ?» አሉ። «አዎ፣ ለሸክላ።» «እኛም ለሸክላ» አሉና እንደገና አለቀሱ።

አልታረቁም ነበር። ሲመሻሽ ግን ጋሪያቸውን ወደ ወጥ ቤት ገፉ። የስቲሉን ድስት በጣታቸው አሳዩዋት። ባየሽ የሁመሩን ውሃ አፈሰሰች፣ ቲማቲሙን ጨመረች፣ እሳቱን ለኮሰች። ማሚ የታጠፈውን የቆርቆሮ ቁራጭ ዘርግተው፣ በሁመር አሽተው፣ አጥበው ሾርባው ውስጥ ጣሉት። ባየሽ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ማሚ አይተዋታል። አረፋው ወደ አንገቱ ሲወጣ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደዱ።

ማሚ ሩዙ ላይ አድርገው ቀመሱ። ባየሽ ቆማ ትጠብቃለች። ማሚ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ግማሹ የኔ ነው» አሉ። ሳህኑን ጨረሱት። ደግሞ አምጪ አሏት።

ሙራሊ ከመንገድ ሲመለስ እናቱን ሲበሉ አገኛቸው። ገበታው ላይ ያልለመደውን ድስት አይቶ፣ «ድስቱስ?» አለ።

«አሟሸችው» አሉት ማሚ፣ በአማርኛ።

ሙራሊ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ባየሽን አየ። ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ሁለቱ አንድ ነገር እንደደበቁት ግን ጠርጥሯል። ወደ ክፍሉ ሲገባ ባየሽን፣ «ጥብጣቡን ገዛሽ?» አላት።

«ነገ እገዛለሁ» አለችው።

በማግስቱ አውቶቡስ የምትለዋውጥበት ጋ ደረሰች። የጨርቅ ሱቁ በመንገዱ ማዶ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር፣ መስኮቱ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። ቀጣዩ አውቶቡስ ሲመጣ እንደ ልማዷ ሹፌሩን፣ «ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው አይደል?» አለችው። ራሱን ነቀነቀላት። መንገዱን ሳትሻገር አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ወሩ አልቆ ሌላ ወር ገባ፤ በየቀኑ ወደ ማሚ ቤት ስትሄድ በዚያ ሱቅ ፊት ለፊት ታልፋለች። ጥብጣቡ እስከ ዛሬ አልተገዛም።